ሪፍ ለመስረቅ ላሰቡ ጨዋ ሰው

ጊታር ገዝተዋል፤ ጣትዎም ቆስሏል። የቀረዎት ሪፍ መስረቅ ብቻ ነው። ሪፍ ማለት ዘፋኙ አፉን ከመክፈቱ በፊት ጊታሩ ደጋግሞ የሚጫወታት፣ ግጥሙ ሁሉ ቢረሳ እንኳ ከጆሮ የማትወጣ አጭር ዜማ ናት። አዲስ እፈጥራለሁ ብለው አይድከሙ፤ ትልልቆቹም አልደከሙ።

አንደኛ፣ ከሰረቀ ሰው ይስረቁ። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣውን የቸክ ቤሪን «ጆኒ ቢ. ጉድ» መግቢያ ያልሞከረ የሮክ ጊታሪስት የለም ማለት ይቻላል። ይህንኑ መግቢያ ግን ካርል ሆጋን የተባለ ጊታሪስት በ1946 በሉዊስ ጆርዳን ሸክላ ላይ ተጫውቶታል። በ1964 ደግሞ ቢች ቦይስ ከቤሪ ወስደው «ፈን፣ ፈን፣ ፈን»ን ከፈቱበት። ሌባን ሌባ ቢሰርቀው እንዴት ይደንቀው!

ሁለተኛ፣ እያወቁ ይስረቁ። ጆርጅ ሃሪሰን «ማይ ስዊት ሎርድ»ን ሲሠራ ቺፎንስ የተባለውን ቡድን ዜማ መውሰዱ እንዳልታወቀው ተከራከረ፤ ዳኛው በ1976 ሳይታወቀውም ቢሆን ወስዷል ብለው ፈረዱበት። ሳያውቅ የሰረቀ ቅጣቱን እንጂ ደስታውን አያገኝም።

ሦስተኛ፣ ከራስዎ ኪስ አይስረቁ። የጆን ፎገርቲን የ1970 ዘፈን መብት የያዘው ድርጅት፣ አዲሱ ዘፈንህ አሮጌውን ይመስላል ብሎ ከሰሰው። ሰውየው ጊታሩን ይዞ ምስክር መቆሚያው ላይ ወጣ፤ እየተጫወተ ልዩነቱን አስረዳና በ1988 ረታ። ራሱን ላለመምሰል ጠበቃ የቀጠረ ሰው ይኸው ነው።

አራተኛ፣ የሚሰረቀውን ሰው ጠባይ ያጥኑ። ስትሮክስ ለ«ላስት ናይት» ከቶም ፔቲ «አሜሪካን ገርል» ሲበደሩ ፔቲ ሳቀ እንጂ አልከሰሰም። በ2021 የኦሊቪያ ሮድሪጎ «ብሩታል» የኤልቪስ ኮስቴሎን «ፓምፕ ኢት አፕ» ይመስላል ሲባልም ኮስቴሎ ቅር አላለውም፤ እሱ ራሱ የተበደረበትን የቦብ ዲለንን የ1965 ዘፈን ጠቆመ። የዲለንን ክር ሲስቡት ደግሞ የት ይደርሳሉ? ቸክ ቤሪ ቤት።

አምስተኛ፣ ባለቤቱን በስም ይጥሩ። ቢች ቦይስ «ሰርፊን ዩኤስኤ»ን በቤሪ ዜማ ላይ ስለሠሩት የቤሪ ስም በደራሲነት ገብቷል። ቤሪም መግቢያውን ከሆጋን እንዳገኘው አልደበቀም፤ በ«ጆኒ ቢ. ጉድ» ደራሲነት የተጻፈው ግን የቤሪ ስም ብቻ ነው። ስለዚህ ነገ ማታ ያቺን መግቢያ ሲጫወቱ አንዱ «የማን ናት?» ቢልዎት፣ «የቸክ ቤሪ» ለማለት አይቸኩሉ። «የካርል ሆጋን» ይበሉ። ስም በመጥራቱ የተከሰሰ ሌባ የለም።