ሳይከፍሉ ለማዳመጥ ለሚፈልጉ የተዘጋጀ ምክር

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ታክሲ የሚነዱ ከሆነ 88.5ን ያውቁታል። ጣቢያው ደብሊው ኤ ኤም ዩ ነው፤ ፈቃዱ የአሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ነው። ጠዋት ሞርኒንግ ኤዲሽንን፣ ማታ ኦል ቲንግስ ኮንሲደርድን እየሰሙ የአሜሪካ ምክር ቤት ምን እንደወሰነ ከተሳፋሪዎ ቀድመው ያውቃሉ። ለዚህ ሁሉ አምስት ሳንቲም አልከፈሉም። ይበርቱ። እንዲህ ያለ ልማድ ግን ያለ ዝግጅት አይዘልቅምና የሚከተለውን በጥሞና ያንብቡ።

ትልቁ ፈተና ፕሌጅ ድራይቭ የሚሉት የመዋጮ ሰሞን ነው። ትናንት ሴናተሩን በጥያቄ ሲያፋጥጥ የነበረው ድምፅ ዛሬ ስለ ጨርቅ ቦርሳና ስለ ቡና ኩባያ ይለማመጣል። ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ አንድ ለጋስ ሰው በሚቀጥለው ሰዓት ለሚዋጣው ለእያንዳንዱ ዶላር ሌላ ዶላር ይጨምራል፤ ሰዓቱ ካለፈ ግን አለቀ። እዚህ ላይ እጅዎ ወደ ስልክዎ ይሄዳል፤ መሪውን ጠበቅ አድርገው ይያዙ። የሚያጽናናዎ አንድ ነገር አለ። እድር ቢሆን ኖሮ ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ስምዎን ይጠራ፣ ያስቀጣዎም ነበር። የራዲዮው ድንኳን ግን በር የለውም፤ የከፈለውም ያልከፈለውም እኩል ይቀመጥበታል፤ ማን እንዳልከፈለ ከርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም።

ነገሩ ገና ከጅምሩ በዚሁ ስሌት የተሠራ ነው። ሉዊስ ሂል የተባለ ሰው በ1949 በርክሌይ ካሊፎርኒያ ላይ ኬፒኤፍኤን ሲከፍት ሐሳቡ ጣቢያው በአድማጭ መዋጮ ይቁም የሚል ነበር። ሊያዳምጡ ከሚችሉት መቶ ሰዎች ሁለቱ በዓመት አሥር አሥር ዶላር ቢከፍሉ ይበቃል ብሎ አሰላ። በቀጣዩ ዓመት ጣቢያው ገንዘብ አልቆበት ዝም አለ፤ በ1951 አድማጮቹ አዋጥተው መልሰው ከፈቱት። የሂልን ስሌት ልብ ይበሉ፦ ዘጠና ስምንቱ እንደማይከፍሉ አስቀድሞ ታውቆ ቦታ ተይዞላቸዋል። ስለዚህ እርስዎ በእቅዱ ውስጥ ያሉ ሰው ነዎት።

ሰው ቢጠይቅዎ ሰበብ ያስፈልግዎታል። ሆኖም «መንግሥት ይከፍልላቸዋል» አይበሉ፤ ጊዜው አልፎበታል። ፕሬዚዳንት ጆንሰን በ1967 በፈረሙት ሕግ የተቋቋመው የሕዝብ ብሮድካስት ኮርፖሬሽን ከምክር ቤቱ የተመደበለትን ለጣቢያዎች ያከፋፍል ነበር። የራዲዮ ጣቢያዎች ድርሻ በአማካይ ከገቢያቸው አንድ አሥረኛ ያህል ቢሆንም፣ አላስካ ውስጥና በቀደምት ሕዝቦች መንደሮች ያሉት አብዝተው የሚተዳደሩት በዚሁ ነበር። በሐምሌ 2025 ምክር ቤቱ የሁለት ዓመቱን በጀት፣ 1.1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ፣ ሰረዘው። ከዚያ ወዲህ ይህን ሰበብ የሚያቀርብ ሰው ራዲዮ እንደማያዳምጥ ራሱን ያጋልጣል፤ የርስዎ ችግር ደግሞ ማዳመጥዎ ነው።

«ማስታወቂያ ያስገባሉ» የሚለው ይሻላል፤ ግን ሕጉን ይወቁ። ጣቢያው የድጋፍ ሰጪውን ስም፣ አድራሻና ሥራ መናገር ይችላል። ለምሳሌ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ቢደግፈው አንባቢው ረጋ ባለ ድምፅ «ክትፎና ጥብስ የሚያቀርበው እገሌ ምግብ ቤት» ይላል። «ከከተማው አንደኛ» ማለት ክልክል ነው። ዋጋ መጥራት ክልክል ነው። «ኑ ቅመሱ» ማለትም ክልክል ነው። ክትፎ ሠርቶ ኑ ቅመሱ እንዳይባል የከለከለ አገር እንግዳ አገር ነው።

ሌላው ሰበብ የማክዶናልድ ባለሀብት መበለት ጆአን ክሮክ ናቸው። በ2003 ሲሞቱ ለብሔራዊው የሕዝብ ራዲዮ ለኤንፒአር ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተናዘዋል። ይህን ሲሉ በልበ ሙሉነት ይበሉት፤ ጠያቂው ኤንፒአርና የአካባቢው ጣቢያ የተለያዩ መሆናቸውን ካላወቀ ያልፍልዎታል። ካወቀ ግን ያስቸግርዎታል፤ ጣቢያው ከኤንፒአር የሚወስደውን ፕሮግራም የሚገዛው በገንዘብ ነውና። ያ ሞርኒንግ ኤዲሽን የሚተላለፍልዎት በወር አሥር ዶላር የምትልክ አንዲት ጡረተኛ መምህርት ከፍላልዎት ሊሆን ይችላል። መምህርቷን አያስቧት።

ኅሊናዎ ፈጽሞ አላስተኛ ካለዎት ያረጀውን መኪና ይስጡ። ጣቢያው ጎታች ይልካል፤ በጨረታ ይሸጣል፤ ወጪው ተቀንሶ የተረፈው ለጣቢያው ይሆናል፤ ለርስዎም 1098 ሲ የተባለ ፎርም ይመጣል። ግብር ከሚከፈልበት ገቢዎ ላይ የሚቀነስልዎ ግን ከ500 ዶላር በላይ ቢሸጥ መኪናው በጨረታ ያወጣውን ያህል ነው እንጂ እርስዎ በልብዎ የገመቱለትን አይደለም። ያንንም የሚያገኙት ወጪዎን ዘርዝረው ግብር የሚያሳውቁ ከሆነ ነው። ቶዮታ በሦስት መቶ ሺህ ማይል እንኳ አይሞትም ብለው ለሚያምኑ ይህ ከባድ ፈተና ነው።

ከሁሉ አጥብቀው ሊሸሹት የሚገባው በየወሩ አምስት ዶላር የሚሉትን ነው። ጣቢያዎች ከአንድ ጊዜ ትልቅ ስጦታ ይልቅ ይህን ይወዱታል፤ በየወሩ ስለሚገባ በጀት ይይዙበታል። የርስዎ አደጋ ደግሞ አምስት ዶላር ትዝ የማይል መሆኑ ነው፤ ካርድዎን አንዴ ካስገቡ ለመሰረዝ የሚነሡበት ቀን አይመጣም። ብዙ ጊዜ የሚያስቆመው የካርዱ ጊዜ ማለፍ ነው። የግድ ካሉ ቦርሳዎን ከፍተው ከካርዶችዎ ሁሉ ቀድሞ ጊዜው የሚያልፈውን ይምረጡ፤ ጊዜው ሲያልፍ ጣቢያው ይጽፍልዎታል፣ ደብዳቤውንም ሳይከፍቱ ከመብራት ሒሳቡ ስር ያኑሩት።