ቅጠል በኑግ

ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ሲያወጡ የሸዋ ጦር እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ገብቶ እንዲጠብቃቸው አዘዙ። የመጣው ሰው ስንቅ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ጭብጦና ቋንጣ ነበር። ሰላጣ የቋጠረ ቢኖር አምባላጌ ሳይደርስ ስንቁ በጠወለገበት ነበር።

የወረኢሉ ሰው ጥሬ ቅጠል በጥርጣሬ ቢያይ ታዲያ አይፈረድበትም። ከተማዋ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ፣ ዙሪያዋ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ምስር ነው። ውርጩ የሰላጣ ቅጠልን አይምርም። ሐበሻ ጎመን ይችለዋል፤ እሱም ቢሆን ሳይቀቀል ገበታ ላይ ቢወጣ ባለቤቱ ታመመ ወይ ያሰኛል።

እኔ ግን ሰላጣ እወዳለሁ፤ ያውም ማባያው ለውዝ ለውዝ የሚል። ፈረንጆች የወይራ ዘይት፣ አቼቶና ሰናፍጭ መትተው የተፈጨ ለውዝ ይጨምሩበታል። ለውዙ የሐረርጌ ልጅ ነው፤ እዚህ እስኪደርስ የመንገዱን ድካም በዋጋው ላይ ያስከፍለናል። ወይራም እኛ ዘንድ እንስራ ያጥናል እንጂ ዘይት አይወጣውም። ሰናፍጩ ግን የቤታችን ነው። ዘይትና ሎሚ ተኳርፈው እንዳይለያዩ የሚያስታርቃቸውም እሱ ነው። ስልጆ የሚያውቅ ሰው ስለ ሰናፍጭ ፈረንጅ እንዲያስተምረው አይጠብቅም።

ለለውዙ ምትክ ኑግ አለ። ሳይንሱ እንኳ «አቢሲኒካ» ብሎ በስማችን ጠርቶታል። ለቅሞ፣ አጥቦ፣ አድርቆ ምጣድ ላይ ማመስ ነው፤ ሽታው ሲያውድ ቶሎ ይውጣ፣ ካረረ ይመራል። ሙቀጫ ውስጥ ሲደቆስ ቅባቱ እየወጣ እርስ በርሱ ይያያዛል፤ ስለዚህ ዘይት ጥቂት ይበቃዋል። ከኑግ የተገኘ ሰሊጥ ካለ ያው ዕጣው የታወቀ ነው፤ አብሮ ይወቀጣል። ነጭ ሽንኩርት፣ ከቆላ የመጣ ሎሚ፣ ጨው፣ በማንኪያ ጫፍ ሰናፍጭ፣ ትንሽ ውኃ፤ ከዚያ ጠርሙስ ውስጥ ከቶ መናጥ። ቅጠሉ ታጥቦ በደንብ ይንጠፍጠፍ፤ ውኃ ካዘለ ማባያው አይይዘውም። ተልባ አይሞከር፤ ከረጠበ ወዲያ ቅጠሉ ከእጅ ያመልጣል።

አንድ ጉድለት አለው፤ መልኩ። አረንጓዴው ሰላጣ አመድ ላይ የተንከባለለ ይመስላል።

ቢሆንም የሰላጣን ጥቅም ለማየት ወሎ መኖር ነው። እዚህ አንድ ቤተ ዘመድ ውስጥ መስጊድ የሚሄድም ቤተ ክርስቲያን የሚሳለምም አለ፤ ሥጋ ሲቀርብ ማን አረደው ይባላል፣ ገበታውም ለሁለት ይከፈላል። ሰላጣ የሚታረድ ነገር የለውም። በዚያ ላይ ዓርብ አይል ረቡዕ፣ ጾም አይፈታም።

ይህን ሁሉ አስረድቼ ለአክስቴና ለጎረቤታቸው ለሐጂ አንድ ሳሕን አቀረብኩ። ሐጂ «ቢስሚላህ» አሉና እጃቸው ሳሕኑ ላይ ቆመ። አክስቴም አዩት።

«አንተ ልጅ፣ እሳት ጠፋብህ?»

«እትዬ፣ እንዲህ ነው የሚበላው።»

አንድ ቅጠል አንስተው ኑጉን በእንጀራ ጠረጉና ቀመሱት፤ ቅጠሉን ወደ እኔ መለሱ። ሐጂም እንደዚያው አደረጉ። ብዙም ሳይቆይ ሳሕኑ ውስጥ ንጹሕ ሰላጣ ብቻ ቀረ።

«ኑጉስ ደግ ነው» አሉ አክስቴ፣ ጠርሙሱን ወደ ጓዳ ይዘው እየገቡ። «ሎሚ አብዝተህበታል። ለፍትፍት አስተካክለዋለሁ።»