መጽሐፍ ስንጠብቅ ኮንጎ ጫማ

የእህቴ ልጅ 11 ዓመቷ ነው። መቀሌ፣ ዓይደር ትኖራለች፤ ታነባለች፤ ባነበበችውም ላይ ትፈርዳለች። «ይኼኛው ጥሩ ነበር፤ መጨረሻው ላይ ግን ሰውዬው ይገባና ይመክረናል» ትላለች። ሰውዬው የምትለው ደራሲውን ነው። ቀበሮዋ አንበሳውን አታልላ ስታመልጥ እሷም አብራ እያመለጠች ሳለ፣ አንድ ትልቅ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ «ስለዚህ ልጆች» ካላት መጽሐፉን ትከድነዋለች።

ይህን ፍርድ እንደ ልጅ ወሬ አላልፈውም። አዲስ አበባ ስለ ልጆች መጻሕፍት ሲወራ የሚነሳው የወረቀት ዋጋ ነው፤ የሠዓሊ እጥረት ነው፤ የአሳታሚ ፍራቻ ነው። ሁሉም እውነት ነው። አንባቢዋን የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም። እኔ ጠይቄያታለሁ፤ ብዙውንም ያጫወተችኝ መጻሕፍቱ ጠፍተው ፍለጋ በወጣንበት ክረምት ነው።

ያን ክረምት አንድ ካርቶን ሙሉ መጽሐፍ ይዤላት ሄድኩ። ከብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮችና ልጆቻቸው ካደጉባቸው ወዳጆቼ ቤት የለቃቀምኩት ነው። የአባባ ተስፋዬ ተረቶች፣ የ«ፀሐይ መማር ትወዳለች» መጻሕፍት፣ ማሞ ቂሎ፣ ስንዝሮ፣ ሽፋናቸው ላይ የድመት ግልገል ያለባቸው የእንግሊዝኛ መጻሕፍትም ነበሩበት። የዘይት ካርቶን ውስጥ ከተትኩት፤ በሲባጎ ጠፍሬ አሰርኩት፤ ስሜን በትልቁ ጻፍኩበት። አውቶቡሱ ደሴን፣ ወልድያን፣ አላማጣን አልፎ ግራካሕሱን ሲወጣ ዝናቡ ወረደ። ሸራው ካርቶኑን እንዳልሸፈነው ያወቅኩት መቀሌ ስንደርስ ነው። የጻፍኩት ስም ታጥቦ ሄዷል። ረዳቱ በጨለማው ከዘይት ካርቶኖቹ አንዱን አነሳና ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ፤ ክብደቱም ያው ነበር።

ባጃጁ ዓይደር ሳይደርስ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ገፋነው። እህቴ ቤት ስገባ የሰፈሩ ልጆች ተሰብስበው ይጠብቁ ነበር፤ የእህቴ ልጅ ቀድማ አውጃለችና። ሲባጎው ተፈታ፤ ካርቶኑ ተከፈተ፤ ውስጡ አረንጓዴና ሰማያዊ ኮንጎ ጫማ ነው፣ እስከ አፉ። ሁሉም የልጆች ቁጥር ነው። ማንም አልተናገረም። አንዱ ትንሽ ልጅ ብቻ እግሩን ወደ አንዱ ጫማ ሲሰድ እህቴ «የሰው ንብረት ነው!» ብላ መለሰችው።

በማግስቱ ፍለጋ ስወጣ ልጅቱ «አኮይ (አጎቴ)፣ እኔም እመጣለሁ» ብላ ተነሳች። ረዳቱ ወደ አዲስ አበባ ተመልሷል። መናኸሪያው ውስጥ አንድ ተሸካሚ፣ እንዲህ ዓይነት ካርቶን የያዘች ነጋዴ ወደ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ስትሄድ ማየቱን ነገረን። እኛም አንዱን ሰማያዊ ጫማ ይዘን በየጉልቱ፣ በየሱቁ «የማን ነው?» እያልን ዞርን። ዝናብ ሲመጣ በረንዳ ስር እንጠለላለን፤ ስንጠለል ስለ መጽሐፍ እናወራለን።

ማሞ ቂሎን ትወደዋለች፤ ምክንያቷም ሌላ ሰው ሲለው ሰምቼ አላውቅም። «እሱ ሞኝ አይደለም» አለችኝ። «የነገሩትን ያደርጋል። እናቱ ግን የምትመክረው ስላለፈው ነገር ነው፤ ነገ የሚመጣው ደግሞ ሌላ ነው።» ተረቱን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አዘጋጅተው እ.ኤ.አ. በ2002 ያሳተሙት ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር ብዬ አስባለሁ። ነገሌ ቦረና ተወልደው፣ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ ውጭ የሆነ መጽሐፍ መጀመሪያ ያነበቡት በ19 ዓመታቸው ነው። በስደት አሜሪካ ገብተው በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ሲሠሩ፣ በብዙ ቋንቋ ከተደረደረው መጽሐፍ መካከል በአማርኛ ለልጆች የሚሆን አጡ። ከዚያ አዲስ አበባ ተመልሰው እ.ኤ.አ. በ2003 የሾላን የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ ሐዋሳ ላይ በአህያ የሚጎተት ቤተ መጻሕፍት አስጀመሩ፤ በኋላም እዚሁ መቀሌ መጥተው ሰገናት የተባለውን የሕፃናትና ወጣቶች ቤተ መጻሕፍት አቋቋሙ። ይህን ስነግራት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አህያዋ ስም ነበራት ወይ?

ፀሐይን «ለትንንሾች ናት» ብላ አለፈቻት። በ1998 ዓ.ም. ግድም የብሩክታዊት ጥጋቡ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ከካልሲ የፈጠራት ይህች ቀጭኔ 6 ዓመቷ ነው፤ የእኛዋ አንባቢ ደግሞ 11 ሞልቷታል። ግን አንድ ነገር አመሰገነችላት፦ ፀሐይ ትጠይቃለች። አባባ ተስፋዬን በተመለከተ ተረቱን እኔ በቃሌ ስነግራት ይበልጥ ትወደዋለች። ትክክል ናት። ተስፋዬ ሳህሉ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ያሳደጉን በድምፃቸው፣ በፊታቸውና በእጃቸው ነው፤ ወረቀት ላይ ይህ ሁሉ ይቀራል፤ ምክሩ ይተርፋል።

አንዱ በረንዳ ላይ የእሳቱን ተረት ነገርኳት። ሃሮልድ ኩርላንደርና ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት የኢትዮጵያ ተረቶች መጽሐፍ ውስጥ ርዕስ የሆነው ነው። ሎሌው ከጌታው ጋር ተወራርዶ ሌሊቱን በብርድ ተራራ ላይ ራቁቱን ይቆማል። አንድ ሽማግሌ ማዶ ካለው ኮረብታ እሳት ያነድለታል፤ ሎሌውም እሳቱን እያየ ያድራል። ጌታው «እሳት አይተሃል» ብሎ ውርርዱን ሲክድ፣ ሽማግሌው ያማከረው ሰው ድግስ ይጠራና እንግዶቹን ሽታ ብቻ ያስቀምሳል። እኛ ትልልቆቹ የምንስቀው ድግሱ ላይ ነው። እሷ ድግሱ ላይ አልሳቀችም። «ትልቁ ነገር እሳቱ ነው፤ ሽማግሌውም አልተኛም እኮ» አለች። ይህች ልጅ መቀሌ መብራት፣ ስልክና ባንክ በተቋረጠባቸው ወራት ያደገች ናት። ከሩቅ የሚታይ እሳት ምን እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቃለች።

ወደ ቤት ስንመለስ በዓይደር ትምህርት ቤት በኩል አለፍን። ግንቦት 28 ቀን 1990 ዓ.ም. የኤርትራ የጦር አውሮፕላኖች ክላስተር ቦምብ የጣሉበት ትምህርት ቤት ነው። ተማሪዎች ሞቱ፤ ሊያነሷቸው የሮጡ ወላጆችና ጎረቤቶችም ሞቱ። «ይኼ ለምን በልጆች መጽሐፍ የለም?» አለችኝ። ያሳዝናል ብዬ ጀመርኩ። «እናውቀዋለን እኮ። ትልልቆቹ ግንቦት ሲመጣ ያለቅሳሉ፤ አይነግሩንም።» ሐዘን ያለበት መጽሐፍ ቢሰጧት ታነባለች፤ የሚያስቆጣት የሚያውቁትን የሚደብቁ ሰዎች ናቸው። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ። ሁለት ጦርነት ያየ ሰፈር ልጆች ስለ ሰፈራቸው እውነቱን በልካቸው የሚነግር ደራሲ ይገባቸዋል፤ የሚጽፈውም ከዚያው ሰፈር ቢወጣ እመርጣለሁ።

የጫማዎቹን ባለቤት ጥቂት ቀናት ከለፋን በኋላ አገኘናት። ሰማያዊውን ጫማ ስታይ ተነስታ አቀፈችን፤ የዱቤ ዕቃ ነበርና ሌሊቱን አልተኛችም። ካርቶናችን ከሱቁ ጥግ ነበር፣ ተከፍቶ። የከፈተው ልጇ ነው፤ 14 ዓመቱ ነው። ትምህርት ቤቶች በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ተዘጉ፤ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ገባ፤ በትግራይ ክፍሎች እንደገና መከፈት የጀመሩት በ2015 ዓ.ም. ነው። የዚህ ልጅ ንባብ የቀረው በዚያ መሃል ነው። ፊደል ይቆጥራል፤ ረጅም ዓረፍተ ነገር ግን ያደክመዋል። በቀላል ቃል የተጻፉትን ሁሉ ወደ ጎን አድርጓቸዋል። «ድመት ያለበትን ይዤ ሱቅ ብቀመጥ ሰው ምን ይለኛል?» አለ። ከካርቶኑ ሁሉ የመረጠው የጭነት መኪና ሆድ ዕቃ የሚያሳይ አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው፤ ቃሉን ባያውቀውም ሥዕሉን ገጽ በገጽ ተከታትሎታል።

የእህቴ ልጅ አልተዋጠላትም። «ታሪክ የለውም» አለችው።

«ሞተሩ እንዴት እንደሚነሳ ይናገራል። ከዚህ ወዲያ ምን ታሪክ አለ?»

«ሰው የለበትም።»

«ሹፌሩ እኔ ነኛ!»

ሱቁ በራፍ ላይ ተከራከሩ፤ እናቱ ቡና አፈላች። እኔ ማንንም አላስታረቅኩም፤ ሁለቱም የሚሉት ደራሲና አሳታሚ ሊሰማው የሚገባ ነገር ነውና። የልጁ ችግር የእሱ ብቻ አይደለም፤ ዕድሜያቸው ከንባባቸው ያለፈ ልጆች በየክፍሉ አሉ። ለእነሱ የሚያስፈልገው ጉዳዩ የ14 ዓመት ልጅን የሚመጥን፣ ዓረፍተ ነገሩ አጭር፣ ሽፋኑ የማያሳፍር መጽሐፍ ነው፤ በትግርኛም በአማርኛም። እንዲህ ያለውን መጻፍ ለትልልቆች ልብ ወለድ ከመጻፍ የሚቀል አይመስለኝም፤ ክብሩም ማነስ የለበትም።

የመኪናው መጽሐፍ እዚያው ቀረ። በምትኩ ነጋዴዋ ለእህቴ ልጅና ለዚያ ትንሽ ልጅ አንድ አንድ ጥንድ ኮንጎ ሰጠች፤ ቀሪው ካርቶን ዓይደር ገባ። ከዚያ ወዲህ በስልክ የሚያዘኝ ልጁም ሆኗል። አሁን የጠየቀኝ የውኃ ፓምፕ እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ መጽሐፍ ነው፤ ቢቻል በትግርኛ፣ ድመት የሌለበት። አዲስ አበባ ውስጥ እየፈለግሁለት ነው።