የሚሸጥ ኮርቻ

ጥር 23 እንጅባራ ላይ፣ በሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል፣ በተራ ኮርቻ ብቅ ማለት ያሳፍራላ! አንድ ጌታ ለዚሁ ብለው በፈረሳቸው ልክ አሠሩ። አሁን ሊሸጡት ነው፤ «ፈረሱ ወፈረ» ይላሉ። የእሳቸው ቦርጭ አይነሳም። ገዢ ሲመጣ ግን «ለማንኛውም ፈረስ ይሆናል» ነው ወሬው። ልክ ነው ብለው የከፈሉበትን፣ ልክ የለውም ብለው ሊያስከፍሉን! የኮርቻ እንጨት እንደ ሹራብ አይለጠጥም፤ ከጠበበ ትከሻ ይቆነጥጣል፣ ከሰፋ አከርካሪ ላይ ይተኛል፣ ትርፉ ገጣባ ነው። ዋጋውማ ከአዲሱ በላይ፤ «ተለስልሷል» አሉ። ገዢ ሆይ፣ ፈረስህን ይዘህ ሂድ፤ ጭነህ ጋልብ፣ አውርደህ ጀርባውን እይ። በላቡ መሃል ደረቅ ቦታ ካገኘህ ብርህን ወደ ኪስህ መልስ።