ስለ ትርፍ ሰውና ስለ ቅጣቱ የወጣ አዋጅ

ሞዓ ፊሽካ ዘእምነገደ ትራፊክ፣ ሥዩመ ደረሰኝ፣ ንጉሠ ጎዳና ዘአዲስ አበባ።

ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ለ12 ሰው በተሠራ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከመገናኛ እስከ ሜክሲኮ ሲመሽ ሞተሩ ላይ ሳይቀር ነፍስ ተደራርቦ መጫኑን በዐይናችን ስላየን፤ ረዳቱም «ትራፊክ አለ፣ ጎንበስ በሉ» ባለ ጊዜ ሽማግሌውና ተማሪው፣ ባለ ነጠላዋና ባለ ከረባቱ፣ ዕድሜና ማዕርግ ሳይለያቸው በአንድነት ሲሰግዱ ስለ ታዘብን፤ ጥፋትን በነጥብ እየመዘገበ መንጃ ፈቃድ እስከ ማገድ የሚያደርሰው የ2003 ዓ.ም. ደንብ ቁጥር 208 በጥብቅ ሊፈጸም ነው በተባለበት በ2008 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ ባለ ታክሲዎች መኪኖቻቸውን አቁመው ከተማውን በእግሩ ስላስኬዱት፤ ከዚህም ሁሉ ቅጣትና ጥፋት አንዱ ያለ አንዱ ሊኖር እንደማይችል ስለ ተረዳን፤ የሚከተለውን አውጀናል።

አንቀጽ 1። ስለ ትርፍ ሰው የተቀጣ ሹፌር፣ ለባለ ንብረቱ የሚያስገባውን የቀን ገቢ ሳያጎድል፣ የቅጣቱን ገንዘብ በማግስቱ ከሚጭነው ትርፍ ሰው ይሰበስባል፤ ስለዚሁ ዳግመኛ ቢከሰስም በሦስተኛው ቀን እንዲሁ ያደርጋል፤ ይህም ሥርዐት መኪናው እስኪያልቅ ድረስ የጸና ይሆናል።

አንቀጽ 2። በሰልፍ ላይ ሳለ «ጫነን እንጂ፣ መሸ እኮ!» ብሎ የለመነ ተሳፋሪ፣ ከተቀመጠ በኋላ «ሰው ነው ጤፍ የምትጭነው?» ብሎ የመቈጣት መብቱ የተጠበቀ ነው፤ ራሱ በትርፍነት የገባ ግን ከእርሱ ቀጥሎ የሚገባውን ለመቃወም አንድ ፌርማታ ያህል መታገሥ ይገባዋል።

አንቀጽ 3። ሹፌሩ ትራፊክ ባየ ጊዜ የደኅንነት ቀበቶውን ሳያስር በትከሻው ላይ እንደ ሞጣሕት ጣል ያደርገዋል፤ ትርፉ ሰው ግን ቀበቶ ስላልተሠራለት በጎረቤቱ ጕልበትና በጸሎት ይጠበቃል።

አንቀጽ 4። ከፊት ለፊት የሚመጣውን ባልንጀራውን መብራት አብርቶ ስለ ትራፊክ የሚያስጠነቅቅ ሹፌር ፍቅረ ቢጽን እንደ ፈጸመ ይቈጠርለታል፤ ስለ ክፍት ጕድጓድና ቀለሙ ስለ ጠፋ የእግረኛ ማቋረጫ ግን ማንም መብራት እንዲያበራ አይገደድም፤ ጕድጓድ ሰው ይሰብራል እንጂ ደረሰኝ አይቈርጥምና።

አንቀጽ 5። ሕዝቡ በምሽት ትርፍ የሚሆነው አውቶቡስ ስለሚጎድል መሆኑን አልዘነጋንም፤ ነገር ግን ያልመጣ አውቶቡስ በስፍራው ቆሞ ስለማይገኝና ታርጋውም ስለማይታይ፣ ክስ ልንጽፍበት ብንሻም ስላልተቻለን፣ የእርሱን ዕዳ የመጣው ታክሲ እንዲከፍል አዘናል።

አንቀጽ 6። ይህ አዋጅ ትራፊኩ መንገድ ላይ ከቆመበት ሰዓት ጀምሮ ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ እስኪሄድ ድረስ የጸና ይሆናል፤ የሚሄደውም በታክሲ ስለ ሆነ፣ ቦታው ከ12ቱ ውጪ ይታሰባል፤ «ሞልቷል» ያለው ረዳትም ይቀጣል።