የእኛ ቅርብ፣ የእነርሱ ሩቅ

ምድርን በክንድና በጋሻ የለኩ አባቶች ሁሉ አንድ መስፈሪያ ዘንግተዋል፤ እርሱም «የእኛ» የሚባለው ነው። ታኅሣሥ 19 ቀን ገብርኤልን ሊያነግሥ፣ የስለቱን ጃንጥላ አቅፎ፣ ከአዲስ አበባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ወደምትርቀው ቁልቢ ሌሊቱን የሚገሠግሠው ጎረቤቴ፣ ስለ መንገዱ ሲጠይቁት «ምን አላት፣ እዚህችው ናት!» ይላል፤ ዳሩ ግን ከአጥሩ ማዶ የሌላ ዕድር ድንኳን ተተክሎ «ልቅሶ ድረስ» ቢሉት፣ ጉልበቱን እያሻሸ «ያን ሁሉ አገር እንዴት አድርጌ አቋርጬ?» ሲል ይተክዛል። ነገሩን መርምሬ እንደ ደረስኩበት፣ ጉልበቱን የሚያሳምመው የመንገዱ ርዝመት ሳይሆን ስሙ ያልሰፈረበት መዝገብ ነው፤ በዚያ ዕድር ተጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ ቅጣቱን ፈርቶ ከጥሩንባው ቀድሞ በደረሰ ነበር።