ያልተጻፈ ሁሉ ክልክል ነው

ልጄ ቨርጂኒያ ውስጥ ቤት ገዝቷል፤ ይባረክ፣ ግቢው ሰፊ፣ ሣሩም ለጥ ያለ ነው። ሰፈር ግን የለውም። ሽንኩርት ካለቀ ቁልፍ ተፈልጎ፣ ቀበቶ ታስሮ፣ አውራ ጎዳናው ተሻግሮ፣ አንድ ቀበሌ የሚያህል የመኪና ማቆሚያ ታልፎ ነው የሚገዛው። የመጣሁ ሰሞን "ጥጉ ላይ ሱቅ የለም እንዴ?" ብለው "አባባ፣ በዚህ ሰፈር ሱቅ ክልክል ነው" አለኝ። ሱቅ! ሐሺሽ ቤት የጠየቅሁ ይመስል።

በዓይኔ ካላየሁ አላምንም ብዬ ስጨቀጭቀው የካውንቲውን ደንብ በኮምፒዩተር ከፍቶ አሳየኝ። ሰንጠረዥ ነው። በግራ በኩል ሰው በመሬት ላይ ሊሠራ የሚችለው ሁሉ ተደርድሯል፤ መኖሪያ ቤት፣ ጋራዥ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ የመቃብር ቦታ። ከላይ የየሰፈሩ ዓይነት በፊደልና በቁጥር ተጽፏል። ሁለቱ የሚገናኙበት ሳጥን ውስጥ ፊደል ካለ ተፈቅዷል፤ ባዶ ከሆነ በቃ፣ አበቃ። የኛን ሰፈር ዓምድ ይዤ ቁልቁል ብወርድ እንደ ነሐሴ ጎተራ ባዶ ነው። ግርጌው ላይ ደግሞ በሰንጠረዡ ስሙ ያልተጠቀሰ ነገር ሁሉ የተከለከለ ነው ይላል። እኛ ያልተከለከለው ተፈቅዷል ብለን ነው ያረጀነው። "በርጩማ አውጥቶ ደጅ መቀመጥ" የሚል ስፈልግ አመሸሁ፤ የለም። እኔ ግን እየተቀመጥኩ ነው፤ የሚመጣውን አያለሁ።

የዶሮዎቼማ ነገር አይነሣ። እንቁላል የሚጥሉ ጥቂት ዶሮዎችና አንድ አውራ ዶሮ ነበሩኝ፤ ብዙም ሳይቆይ በሩ ላይ ወረቀት ተለጠፈ። ጠቋሚው ማን እንደሆነ አልተነገረንም፤ ሰዉ ሁሉ እንደሆን ጠዋት ጠዋት እጁን እያውለበለበ ጥርሱን ያሳየኛል። አውራ ዶሮው ሊነጋጋ ሲል ይጮሃል አሉ። መቼ ይጩህላቸው፣ በምሳ ሰዓት? ቅጠል የሚነፋው ሞተራቸው ቅዳሜ ጠዋት ጆሮ ሲበጥስ ግን ሕጋዊ ነው። እዚሁ ቨርጂኒያ ያለው አርሊንግተን ካውንቲ ደግሞ የዶሮ ቤት ከግቢው ወሰን 100 ጫማ ይራቅ የሚል ደንብ አለው። በአራቱም አቅጣጫ 30 ሜትር ማለት ከ3,600 ካሬ ሜትር የማያንስ ግቢ ማለት ነው። እንቁላል ለመብላት መጀመሪያ ባላባት መሆን ያስፈልጋል።

ቤት ውስጥ መሥራትስ ይቻላል ይላሉ። ይቻላል፤ ብቻ ምልክት አይሰቀል፣ ተቀጣሪ አይምጣ፣ ደንበኛ አይመላለስ። እንግዲህ ጠላ ቤት ያለ ደንበኛ! አገር ቤት ደጅ ላይ እንጨት ተክላ ጣሳ የምትደፋበት ሴትዮ እዚህ ብትሆን በጣሳው ብቻ ተከሳ ነበር።

ይህን ጣጣ ማን አመጣው ብዬ የልጅ ልጄን ጠየቅኋት፤ ሕግ ነው የምታጠናው። ኒው ዮርክ በ1916 ለከተማው በሙሉ የዞን ደንብ፣ ማለትም በየትኛው ሰፈር ምን እንደሚፈቀድ የሚለይ ደንብ፣ አወጣ አለችኝ። ኦሃዮ ውስጥ ዩክሊድ የምትባል መንደር ተከተለች፤ 68 ኤከር መሬት የነበረው ኩባንያ "ንብረቴን አረከሳችሁብኝ" ብሎ ከሰሰ፤ በ1926 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለመንደሯ ፈረደ። ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ሰዘርላንድ፣ ነገሩ ራሱ ነውር ባይሆንም ቦታውን ሲስት ነውር ይሆናል ለማለት ምሳሌ ያደረጉት ምንን መሰላችሁ? ከበረት ወጥቶ ሳሎን የገባ አሳማ። አሳማ! እኔ ሳሎንም በረትም አልፈልገውም፤ ግን ከሱ ጋር ሽንኩርት ሻጩን በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ምን የሚሉት ዳኝነት ነው?

ደግሞ መነሻው ንጽሕና ብቻ አይደለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሞዴስቶ የምትባል ከተማ በ1885 ልብስ ማጠቢያ ቤቶችን ከአንድ ክልል አትውጡ አለቻቸው፤ አጣቢዎቹ ቻይናዎች ነበሩ። ሰውየውን ውጣ ከማለት ሥራውን ውጣ ማለት ይቀላል።

አዲስ አበባ ሳለሁ ከጓሮዬ የብረት ሥራ ቤት ነበር። የመጋዙ ጩኸት ጥርስ ያንገጫግጫል፤ ብየዳው ሌሊት መስኮቴን ሰማያዊ ያደርገዋል። ያኔ እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ቢኖር ተንበርክኬ እስመው ነበር። መጋዙ ይከልከል፤ እኔ የምለው ሽንኩርቱ ምን በወጣው ነው። ሂውስተን ዞን የሚባል ነገር የለም ሲሉኝ ሻንጣዬን አወረድኩ፤ ልጄ "እዚያ ደግሞ ብዙ ሰፈር የቤቶቹ ውል ራሱ ይከለክላል" ብሎ መልሶ ሰቀለው።

አሁን "ልዩ ፈቃድ ይጠየቅ" ይለኛል። ማመልከቻ ይጻፋል፣ ይከፈላል፣ ግቢው ላይ ማስታወቂያ ይተከላል (ምልክት መትከል ተፈቀደ ማለት ነው)፣ ከዚያ ጎረቤት ሁሉ በተሰበሰበበት ተነሥቼ ስለ ዶሮዎቼ እናገራለሁ። ስንት ሰዓት ይሰጡኛል ብለው ሦስት ደቂቃ አለኝ። ሦስት ደቂቃ! እንዴት ሰነበታችሁ፣ ቤተሰብ ደኅና ነው ወይ፣ ክረምቱ እንዴት አለፈ ብዬ የሁሉንም ጤንነት ሳልጠይቅ ዶሮ አንሥቼ ላውራ? ጠዋት ጠዋት ጥርሱን የሚያሳየኝ ሰውዬ ብቻ ለሰላምታ አምስት ደቂቃ ይፈልጋል።